ከሰዓቱ በፊት ስሙን ጻፍ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጥተህ ከእሳቱ ዳር ስትቀመጥ «ጋሼ፣ ሯጭ ልሆን ሄጄ መምህር ሆኜ ተመለስሁ» አልህና አንገትህን ደፋህ። ያን ዕለት ምንም አልመለስሁልህም። ያዘነ ሰው ወዲያው አይመከርም፤ ትኩስ ቁስል አይነካካም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ቃልህ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ አባቶቻችን። ንጉሥ እንዲህ ከሆነ፣ ነገ ስድሳ ልጅ ፊት የሚቆም መምህርማ እንዴት መካር አያስፈልገው? ስለዚህ በርኖሴን ደርቤ፣ መነጽሬን አጥልቄ ይህን ጻፍሁልህ። አንዴ አንብበህ አታስቀምጠው፤ ሰንበትበት ብለህ ድገመው።

በመጀመሪያ ስለ እግርህ እናውራ። ለዩኒቨርሲቲህ ሁለት ዓመት ሮጥህ፣ ዋንጫም ይዘህ ገባህ፣ በሦስተኛው ዓመት ጅማትህ ከዳህ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለችኩል ነው፤ አንተ በሥርዓት ታጥቀህ ነው የሮጥኸው። እግር የተሰጠን በውሰት ነው፤ አንዱን በሠላሳ ዓመቱ፣ አንዱን በሃያ ሁለቱ ይጠይቁታል። አበበ ቢቂላን አስብ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጃቶ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ እንደ እኛው ገና ሲጫወት አድጎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። በቶኪዮም ደገመው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ሲሉት ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር እንግሊዝ አገር ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። እግሩ ተወሰደበት፤ ስፖርተኛነቱን ግን የወሰደበት የለም። ያንተንም የወሰደብህ የለም።

አሁን እስከ ዛሬ ያላጫወትሁህን ላጫውትህ። ደብረ ብርሃን ስማር አንድ አሜሪካዊ መምህር ነበረን። የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር መምህራን በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ወደ አገራችን መጥተው በየከተማው ተበትነው ነበር፤ እርሱ ከነሱ በኋላ ከመጡት አንዱ ነው። ቀን እንግሊዝኛ ያስተምረናል፤ ማታ ማታ ደግሞ ሜዳ ያወጣናል። በኮሌጅ ሳለ ቤዝቦል ተጫዋች እንደነበር ነገረን። እኛ ቤዝቦል ምን እንደሆነ አናውቅም። ዱላና ኳስ ያለበት መሆኑን ስንሰማ ግን «ይሄማ ገና ነው!» ብለን ተሳሳቅን።

ዱላውን አናጢ ከወይራ ጠረበልን። ኳሱን እኛው ሠራነው፤ ከመንዝ የመጣን ልጆች ስለነበርን የበግ ፀጉር አልቸገረንም። ፈትለን ጠቀለልነው፣ ጫማ ሰፊው ቆዳ አለበሰልን። መምህራችን በእጁ መዘን አድርጎ አየውና ሳቀ፤ የአገራቸውም ኳስ ውስጡ የተጠቀለለ የሱፍ ክር፣ ላዩ ቆዳ ነው አለን። ከዚያ በሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን አራት ድንጋይ አኖረ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላው ይመታል፤ የመታው ልጅ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሮጣል። ሦስቱን ድንጋይ ቢረግጥም ነጥብ አይባልለትም። ነጥብ የሚቆጠረው ዞሮ የተነሣባትን ድንጋይ ሲረግጥ ነው። ያችን ድንጋይ በቋንቋቸው «ቤት» ይሏታል። ይህን ሲያስረዳን ከመካከላችን አንዱ ልጅ «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ብሎ ተረተበት፤ ስንተረጉምለት መምህራችን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

የዚያን ሰው ሁለት ነገር አልረሳም። አንደኛው፣ ኳሱን ስንስተው ሌሎቹ ሲያፌዙብን ያስቆምና «በአገሬ ከአሥር ጊዜ ሦስቱን የመታ ጎበዝ ይባላል፤ ሰባት ጊዜ ይስታል ማለት ነው» ይለን ነበር። ሁለተኛው ደብተሩ ነው። ሜዳ በወጣንበት በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ማን እንደሚመታ ማን እንደሚስት ሳይታወቅ፣ የሁላችንንም ስም ጻፈ። ከዚያ በኋላ ተራ በስም ነው። ጎበዙም አምስት ጊዜ፣ ደካማውም አምስት ጊዜ ዱላ ይይዛል። አንድ ቀን ደፈርንና «ለምን ትልቅ ተጫዋች ሆነው አልቀሩም?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «በአገሬ በኮሌጅ ከሚጫወተው ብዙው መጨረሻው ትምህርት ቤት ነው። እኔን ያሠለጠነኝም እንደዚያው ተጫውቶ የተመለሰ መምህር ነበር» አለን። ሲናገር አንገቱን አልደፋም።

እንግዲህ ልጄ፣ ከመንዝ ተነሥተህ፣ ደብረ ብርሃንን ዞረህ፣ አዲስ አበባን ረግጠህ ተመልሰሃል። እኛ ዘንድ ይህን «ቀረ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በዚያ ጨዋታ ግን ነጥብ የሚባለው ይህ ነው።

ሩቅ አገር ብቻ አልጥቀስልህ። አርሲ በቆጂን ታውቃለህ፤ እንደ እኛው ደጋ ነው፣ ገብስ የሚበቅልበት፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው። ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ ዝቅ ቢል እንጂ አይበልጥም። እዚያ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው የእግር ኳስ ሰው ነበሩ፤ በቆጂ የገቡት በመምህርነት ነው። ከዚያ ከተማ ልጆች ጋር በማለዳ ሜዳ መውጣት ጀመሩ። ከእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን ወርቅ አመጡ። በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቆች፣ የወንዱም የሴቱም፣ አራቱም ለቀነኒሳ በቀለና ለጥሩነሽ ዲባባ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በበቆጂ ሜዳ የጀመሩ ነበሩ። አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ፊሽካ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬንም አትርሳ። ሃንጋሪ ሄደው ተማሩ፣ የተማሩትን ይዘው ተመለሱ፣ ብሔራዊ ቡድናችንን ለብዙ ዓመታት አሠለጠኑ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. አረፉ። ይድነቃቸው ተሰማም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ ነበሩ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አሠልጣኛችን እርሳቸው ነበሩ፤ ኋላም እስኪሞቱ 15 ዓመት ያህል የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መሩ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ካወቁት ላይ ለሌላው ቆርሰው የሰጡ ናቸው። አንተም ከያዝኸው ቁረስ።

ሥራውን እንዴት ትይዘዋለህ ወደሚለው ልምጣ።

መጀመሪያ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»። ሮጫለሁና ማሠልጠን አውቃለሁ አትበል። መሮጥና ማስሮጥ ለየቅል ነው። አንተው ባለፈው እንዳስረዳኸኝ፣ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ደም ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ ሕዋሳት ያበዛል፤ ለጽናት ይረዳል። በዚያው ስስ አየር ውስጥ ግን ፈጣን ልምምድ ይከብዳል፤ የአዲስ አበባ ሯጮች አንድ ቀን እንጦጦ ወጥተው ሌላ ቀን ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ የሚወርዱትም ለዚህ ነው። ይህን እኔ ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሰምቼ ከያዝሁ፣ አንተ የተማርኸውን ደብተርህን በሣጥን ቆልፈህ እንዳትረሳው። ከእኛ ደጋ እስከ ጀማ ሸለቆ ቆላ የእግር መንገድ ነው፤ ተፈጥሮ ያዘጋጀችልህን ተጠቀምበት። እያየህም ተማር። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ያላየውን ለሚያስተምር ነው።

ሁለተኛው ምክሬ ከሆዴ የሚወጣ ነው፤ በራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁና። ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ ትምህርት ቤት የሩጫ ቡድን አዘጋጅ ተባልሁ። ለአውራጃ ውድድር የሚሄዱት ስድስት ናቸው። ልጆቹን አሰልፌ አስሮጥኋቸው፤ ስድስቱን መዝግቤ ሌላውን «በቃችሁ፣ ሂዱ» አልሁ። ሰባተኛ የወጣው ልጅ ከእኛ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ ጎጥ የሚመጣ ነበር። ለዚያ ቀን ሲል ሌሊት ተነሥቶ፣ የገብስ ቆሎ በኪሱ ይዞ ነው የመጣው። እኔ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ፤ በዚያውም ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ገበያ ላይ አገኘኝ፤ በግ እየነዳ፣ ጠጉሩ ሸብቷል። ቆቡን አውልቆ ሰላምታ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሰባተኛ መሆኔን የሰማሁት ከልጆች ነው» አለኝ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም። ለወቀሳ አልተናገረውም፤ ለወግ ያህል ነው የተናገረው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይበላኛል። አሜሪካዊው መምህሬ ያሳየኝን ደብተር ባስታውስ ኖሮ ያ ልጅ ሰባተኛነቱን ከእኔ አፍ ይሰማ፣ በማግስቱም ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ፊሽካውን ከመንፋትህ በፊት፣ የሰዓት መቁጠሪያውን ከመጫንህ በፊት፣ የሁሉንም ስም ጻፍ። የመጨረሻውም ልጅ ሰዓቱ ከስሙ አጠገብ ይጻፍለት። በሚቀጥለው ወር ሦስት ሰከንድ ቢያሻሽል ጠርተህ ንገረው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ነው፤ የሚወዳደር ብቻ ሲመጣ ፈገግ የሚል መምህር ልጅ አይወድም፣ ዋንጫ ይወዳል። የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜም አታቃልል። ኳስ ወርውሮ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥ መምህር አይተናል፤ ጎበዞቹ ኳሱን ይዘው ይሮጣሉ፣ ሌሎቹ በአጥር ዳር ተደርድረው ብርዱን ይቆጥራሉ። አንተ አትቀመጥ። አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ እንዴት እንደምታጫውት አስቀድመህ አስብ እንጂ «አንተ እረፍ» አትበለው።

ሦስተኛው ስለ ትዕግሥት ነው፤ ለዚህ ከመንዙ የጓሳ ሣር ምድር የተሻለ መምህር የለንም። አባቶቻችን ጓሳን እንዴት እንደጠበቁት ሰምተሃል። ጠባቂ አለቃ ተመርጦ፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ማንም ሰው ማጭድ ይዞ አይገባም ነበር፤ የገባ ይቀጣ ነበር። ለክዳን የሚሆነው፣ ለገመድ የሚጠመዘዘው፣ ለዝናብ ጌሳ የሚሠራው ሣር ጠንክሮ ቁመቱን ሲጨርስ አለቃው ይከፍተው ነበር፤ ሁሉም ያጭድ፣ ሁሉም ይጠቀም ነበር። ጓሳ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት አገር ሆኖ የቆየው ገና ሳይደርስ ስላልታጨደ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እግር እንዲህ ያለ ለጋ ሣር ነው። በየሳምንቱ ለውድድር አትጎትተው። አጥንቱ ሳይጠና ረጅም ርቀት አታስሮጠው። ሳይበላ የመጣን ልጅ አታስሩጥ፤ አስቀድመህ በላህ ወይ በለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። አንተ የልጆቹ ጠባቂ አለቃ ነህ፤ መቼ እንደሚከፈት የምታውቀው አንተ ነህ።

አራተኛው ስለ ሴቶች ልጆች ነው። በእኛ ቀዬ፣ ከመንዝ እስከ ግሼ፣ ከግሼ እስከ መርሐቤቴ፣ ሴት ልጅ ከወንድሟ ቀድማ ትነሣለች፤ ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ ከዚያ ነው ትምህርት ቤት የምትሮጠው። ሩጫ እናስተምራት ስንል አስቀድማ ትሮጥ እንደነበር አንርሳ። ልምምዱን ስታወጣ የውሃ ሰዓቷን አስበህ አውጣው። ቤቷ ሂድ፤ አባቷን ቁጭ ብለህ አነጋግር፣ እናቷን እጅ ንሣ። ከዚሁ ከጫጫ የወጣችው ጌጤ ዋሚ በ1991 ዓ.ም. በሴቪያ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን መሆኗን፣ ልጅ ወልዳም በ1999ና በ2000 ዓ.ም. መስከረም ላይ የበርሊንን ማራቶን ሁለት ጊዜ ማሸነፏን ንገራቸው። አባት ስለማያውቀው አገር ሲነገረው ይጠራጠራል፤ ስለ ጫጫ ሲነገረው ግን ያደምጣል።

አምስተኛው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ልጅ ፈጠን ሲል የሚሸተው ሰው ይበዛል። አንዱ «ዕድሜውን ዝቅ አድርገን ለታዳጊ ውድድር እናስገባው» ይልሃል። አንዱ ውል ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ያላነበበውን፣ አባቱም ማንበብ የማይችለውን። አንዱ «ይቺን ክኒን ይዋጥ፣ ቫይታሚን ናት» ይላል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንዳይሆን። በሐሰት ዕድሜ የተወሰደ ዋንጫ ከአንድ እውነተኛ ልጅ የተሰረቀ ነው፤ ክኒኑም የልጁን ስም ለዘላለም ያበላሻል። ልጁን ከትምህርት የሚያስቀር ሥልጠናም ከዚሁ ነው የሚቆጠር። ከመቶ ሯጭ ለሮም የሚበቃ ቢገኝ አንድ ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ ግን ገበሬ፣ ነርስ፣ መምህር፣ ነጋዴ ይሆናሉ። ያለ ደብተር ያስቀረሃቸው እንደሆነ እግራቸው ሲደክም ምን ይዘው ይቆማሉ? አንተ ጅማትህ ሲከዳህ የያዘህ ዲግሪህ አይደለም ወይ? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንባቸው ጠብቃቸው።

ስድስተኛው፣ ብቻህን አትሥራ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ የለውም ብለህ አትቀመጥ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው»። መንደሩን በደቦ ጥራ፤ ድንጋዩ ይለቀም፣ ጉድጓዱ ይደፈን። የገና ጨዋታ የተጫወተ ሽማግሌ ሁሉ ያግዝሃል፤ ከበዓለ ልደት በፊት ባለው ሰሞን ልጆቹን ገና አጫውታቸው፤ አበበን ያሳደገ ሩጫ እኮ ነው። መለማመጃ ዕቃ ከሌለህ የበግ ፀጉርና ቆዳ አለ። እኛ በዚያ ኳስ ሠርተን ተጫውተናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልለምንህ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ዝውውር ይሰጠኝ» ብለህ እንዳትሄድ። አሠልጣኝ ስንታየሁ በአንድ ከተማ ስለቆዩ ነው ደራርቱን ያየው ዓይናቸው ጥሩነሽንም ያየው። ችግኝ ተክሎ የሚሄድ ጥላ አያገኝም። ደመወዙ ትንሽ፣ ብርዱ ብርቱ፣ ምስጋናው የዘገየ መሆኑን እኔም ኖሬበት አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን ገበያ ላይ የሚያገኝህ ጠጉሩ የሸበተ ሰው «ጋሼ፣ ስሜን የጻፉበትን ቀን አስታውሳለሁ» የሚልህ ከሆነ፣ እኔ ያጣሁትን አንተ አግኝተሃል ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ከመግባትህ በፊት ከሱቅ አንድ ደብተር ግዛ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጆቹን ሁሉ ስም ከነአባታቸው ጻፍ። አንገትህንም ቀና አድርገህ ግባ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽና፣ ልጆችህን ያብዛልህ፣ ሜዳህን ያለምልምልህ። አሜን።